ሦስት ተጋዳዮችን ስለ መምረጥ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጃችን ለቡና ጠርቶን ሳለ የአሥራ አራት ዓመት ልጁን ከሰሰልን። ክሱም፥ ልጁ ማታ ማታ በእጅ ስልኩ ጨዋታ እየተጫወተ፥ በተሸነፈ ቍጥር ፊቱን ያጠቍራል፤ ትናንትናም ራት ሳይበላ ተኝቶአል የሚል ነው። «መምህር፥ እርስዎ ይምከሩልኝ፤ ያለዚያ ስልኩን መንጠቄ ነው» አለ። እኛም ባልመረመርነው ነገር መፍረድ ስለማይገባን ልጁን አጠገባችን አስቀምጠን «እስኪ አሳየን» አልነው። ልጆቻቸው ይህንኑ የሚጫወቱ ወላጆች ጥቂቶች ስላልሆኑ፥ ያየነውን በዚህ ዓምድ እናካፍላለን።

ጨዋታው ፖኬሞን ጎ ይባላል። ፖኬሞን የተባሉት በአሳብ የተፈጠሩ አውሬዎች በመጀመሪያ የታወቁት በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. በጃፓን አገር በወጣ ጨዋታ ነው። ጨዋታውን ያሰበው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ጥንዚዛና ሌሎችንም ነፍሳት መሰብሰብ ይወድ ስለ ነበር፥ አውሬ እየያዙ የመሰብሰቡ ነገር ከዚያ የመጣ ነው። በእጅ ስልክ የሚጫወቱት ፖኬሞን ጎ በ2016 ዓ.ም. ወጣ፤ ተጫዋቾች አውሬዎቻቸውን የሚያጋጥሙበት ክፍል በ2018 ዓ.ም. መጨረሻ ተጨመረ፤ ከማያውቁት ሰው ጋር በሩቅ ሆኖ በማዕርግ መጋጠም ደግሞ በ2020 ዓ.ም. ተከፈተ። የልጁ መከራ የመጣው ከዚህ ከመጨረሻው ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ከሰበሰባቸው መካከል ሦስት አውሬዎችን ይመርጣል፤ ወደ ሜዳ የሚወጣው አንድ በአንድ ነው። ባላጋራው ማንን እንደ መረጠ እስኪወጡ ድረስ አይታወቅም። ለያንዳንዱም ከባድ ምት የሚመክትባቸው ሁለት ጋሻዎች ይሰጡታል። የአውሬውም ኃይል ሲፒ በሚሉት ቍጥር ይለካል፤ ግሬት ሊግ በሚባለው ማዕርግ ከ1500 ሲፒ በላይ ያለው አይገባም፤ በአልትራ ሊግ ወሰኑ 2500 ሲሆን፥ በማስተር ሊግ ግን ወሰን የለም።

የልጁ ምርጦች ቻሪዛርድ፥ ጋያራዶስና አዙማሪል ነበሩ። ለምን እነዚህን መረጥህ ብንለው «ከሁሉ ብርቱዎች እነርሱ ናቸዋ፥ መምህር» አለን። በገና ጨዋታ ቡድን ሲከፈል ሯጭ ሯጩን ብቻ እየለየ የወሰደ አለቃ በኋላ ሩሩን የሚመልስለት ሰው ሲያጣ ያየ፥ የዚህን ልጅ ነገር ወዲያው ይረዳዋል።

እያንዳንዱ አውሬ አንድ ወይም ሁለት ባሕርይ አለው። እኛ በልጅነታችን የተማርናቸው ባሕርያት እሳትና ነፋስ፥ ውሃና መሬት፥ አራት ብቻ ነበሩና፥ እዚህ አሥራ ስምንት ሆነው ስናገኛቸው ጥቂት ደንገጥ አልን። ውሃ እሳትን ያሸንፋል፤ እሳት ሣርን፥ ሣርም ውሃን። ምቱ ድል በሚነሣው ባሕርይ ላይ ሲያርፍ ጕዳቱ በ1.6 ይባዛል፤ በሚቋቋመው ላይ ሲያርፍ ግን በ0.625። ሁለቱም ባሕርዮቹ ያንን ምት የሚፈሩ እንደ ሆነ 1.6 በ1.6 ተባዝቶ 2.56 ይሆናል። አሁን የልጁን ሦስት እንይ። ቻሪዛርድ የእሳትና የበራሪ ነው፤ ጋያራዶስ የውሃና የበራሪ፤ አዙማሪል የውሃና የተረት። ሦስቱም ጎበዞች ናቸው፤ ሦስቱም ግን መብረቅን ይፈራሉ፤ ይልቁንም ጋያራዶስ በ2.56 ይመታል። ላንተርን የሚባል፥ በባሕር ጥልቅ ፋኖሱን አብርቶ የሚኖር፥ ባሕርዩ የውሃና የመብረቅ የሆነ ዓሣ ብቻውን ወጥቶ ሦስቱን በተራ ሲያዋርዳቸው ዓይናችን እያየ ሆነ። እሳቱንም ውሃውንም ይቋቋማልና ምን ያድርጉት!

ስለዚህ አዙማሪልን እንዲያስቀርና ለእርሱ ድካም መድኃኒት እንዲፈልግ ነገርነው። አዙማሪል የሚፈራው ሦስት ነገር ነው፤ ሣር፥ መርዝና መብረቅ። ስካርሞሪ የተባለው የብረት ወፍ ሣርንና መርዝን እጅግ አድርጎ ይቋቋማል፤ እርሱ የሚፈራው መብረቅንና እሳትን ነው። ዊስካሽ የተባለው፥ መልኩ እንደኛ አምባዛ የሆነ የውሃና የመሬት ዓሣ ደግሞ መብረቅንም እሳትንም ይችላል፤ እርሱ የሚፈራው ሣርን ብቻ ነው፤ ሣሩን ስካርሞሪ ይመልስለታል። አንዱ የሚሸሸውን ሌላው የሚቆምለት ሆነው ተገኙ። ልጁ ግን «ይህን አምባዛ!» ብሎ ከንፈሩን ጣለ፤ ለመልኩ ሲል ከቶ አስቦበት አያውቅም ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት የሒሳብ ነው፤ መምህር ነንና በዚህ ጥቂት ብንቈይ አንባቢ ይቅር ይበለን። እያንዳንዱ አውሬ ሲያዝ በማጥቃት፥ በመከላከልና በጤና ከ0 እስከ 15 የሚደርስ የተፈጥሮ ተጨማሪ አለው። የልጁ ቻሪዛርድ በሦስቱም 15 ነበርና ፍጹም ነው ብሎ ይኮራበት ነበር። ሲፒ ሲሰላ ግን ማጥቃት በሙሉው ሲባዛ፥ መከላከልና ጤና በካሬ ሥራቸው ብቻ ይባዛሉ። ማጥቃት እጥፍ ቢሆን ሲፒው እጥፍ ይሆናል፤ መከላከል እጥፍ ቢሆን ግን ሲፒው የሚጨምረው ከመቶ አርባ አንድ ያህል ነው። እንግዲህ 1500 ላይ ወሰን በተደረገበት ሜዳ ማጥቃት ውድ ዕቃ ነው፤ መከላከልና ጤና ርካሽ ናቸው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በማጥቃት 0፥ በመከላከልና በጤና 15 የሆነው፥ ልጆች የሚንቁት፥ ከፍጹሙ የበለጠ ጸንቶ ይቆማል። ልጁ እንዲህ ያለውን አዙማሪል ሳያውቅ ጥሎት ነበር።

በቻሪዛርድ ላይ የደረሰው ግን ከዚህ የከፋ ነው። ልጁ ሽንፈቱ ከኃይል ማነስ መስሎት፥ ለብዙ ሳምንት ያጠራቀመውን ስታርደስት የሚባለውን የማበርቻ ትቢያ አፈሰሰለት፤ በመጨረሻም አንድ ጊዜ አለፍ አድርጎ ቢጫነው 1512 ሆነ። ከ1500 ያለፈ ወደ ኋላ አይመለስም፤ የፈሰሰውም ትቢያ አይታፈስም። ራት የተተወው በዚህ ምክንያት እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባን። አባቱም ሰምቶ ዝም አለ።

ስለ ምቶቹም ጥቂት እንበል። ፈጣኑ ምት ጕዳቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ለከባዱ ምት ጕልበት ያጠራቅማል። የዊስካሽ የጭቃ ምት እንደዚህ ነው፤ ሲመታ አያስደነግጥም፥ ከባዱን ግን ቶሎ ቶሎ ያመጣል። በርካሽ ከባድ ምት እያስፈራሩ የባላጋራን ጋሻ አስጨርሶ በኋላ ዋናውን መልቀቅ የታወቀ ብልኀት ነው። የጨዋታው ባለቤቶች የምቶቹን ልክ በየወቅቱ ስለሚለውጡ፥ በአንድ ወራት ብርቱ የነበረው በሌላው ሊደክም ይችላል፤ የባሕርያቱ ግንኙነት ግን እንደ ቆመ ነው።

የቀረው ሥርዓቱ ነው። ልጁ ዊስካሽን አስቀድሞ ቢያወጣ ከሣር አውሬ ጋር ተገጣጠመና ሁለቱን ጋሻዎች በመጀመሪያው ደቂቃ ጨረሰ። ተጋዳይን የለወጠ ሰው ለጥቂት ጊዜ ዳግመኛ መለወጥ ስለማይችል ተለዋጩ በደንብ ሊታሰብበት ይገባል። አዙማሪልን አስቀድም፤ መብረቅ ቢመጣበት ዊስካሽን አውጣ፤ ባላጋራህ ለዊስካሽ ብሎ የደበቀውን ሣር ይጎትታል፤ ያን ጊዜ ስካርሞሪ ሣሩን ይጠብቀዋል አልነው። በ2022 ዓ.ም. ይህ ጨዋታ በሎንዶን በተደረገው የፖኬሞን የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ፥ ተወዳዳሪዎቹ ስድስት ስድስት አውሬ አቅርበው፥ አንዱ የሌላውን ስድስት እያየ ለያንዳንዱ ግጥሚያ ሦስቱን ይመርጥ ነበር። ቅኔ የተማረ ሰው የዚያን ዓይነት ግጥሚያ ሳይወደው አይቀርም።

አንዱ ዙር አምስት ግጥሚያ ነው። ልጁ በዚያ ማታ ሦስቱን አሸንፎ ሁለቱን ተሸነፈ፤ በአንደኛው ሽንፈት ጥፋቱ የኛ ነበር፥ ጋሻውን ያዝ ብለን ዘግይተናልና። አምባዛው በመጨረሻው ግጥሚያ ላንተርንን ሲጥል አባትየው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር፤ ወዲያውም አፍሮ ተቀመጠ።

ቻሪዛርድን ምን ልታደርገው ነው ብንለው፥ «አልጥለውም፥ መምህር። 2500 እስኪደርስ ትቢያ እሰበስብለትና በአልትራ ሊግ አገባዋለሁ፤ አሁን ግን እየደመርኩ ነው የምጫነው» አለና እንደገና ስልኩን አነሣ።

«መጀመሪያ ራትህን» አለው አባቱ።