ገመናችሁን አብራችሁ አትሽጡ!

ምናለሽ ተራ የማይሸጥ ነገር የለም ይባላል፤ ለካ የሰው ገመናም ይሸጣል! በቀደም ከመርካቶ ያገለገለ ታብሌት ገዝቼ ክሮምን ብከፍተው የማላውቃት ልጅ ፌስቡክ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ፤ ከፍቅረኛዋ ጋር የተጻጻፈችው ሳይቀር። አላነበብኩም ብል ውሸቴን ነው። ሁለት መስመር አነበብኩና አፈርኩ፤ ወዲያው አጠፋሁት።

ወገኖቼ፣ ጉዱን የሠራችው ኩኪ የምትባል ትንሽ ፋይል ናት። ድረ ገጹ እናንተን እንዳይረሳችሁ ታስታውሰዋለች። እናም ታብሌታችሁን ለሰው ስታውሱ የክሮምን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ «ዲሊት ብራውዚንግ ዳታ» በሉ፤ «ኦል ታይም» መምረጥ አትርሱ። የተቀመጠ የይለፍ ቃል ግን ለብቻው ነው የሚጠፋው። ለመሸጥ ከሆነ ይሄም አይበቃም፤ የጉግል አካውንታችሁን አውጡና ፋክተሪ ሪሴት አድርጉ።

ገዢው የከፈለው ለታብሌቱ ነው፤ ልባችሁን መራቂ አትስጡት!