«ወንድ ነህ!» የሚል ጠርሙስ

በመንዝ ምድር፣ ከማማ እስከ ላሎ፣ ከጌራ እስከ ቀያ፣ ፉከራ ዋጋ ነበረው። አንዱ በድግስ መሐል ብድግ ብሎ «ዘራፍ!» ሲል፣ ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ ያውቀዋል። የት እንደዘመተ፣ ምን እንደሠራ፣ የማን ልጅ እንደሆነ። ያልዋለበትን ዋልኩ ካለ አንዲት ባልቴት ከጓዳ ብቅ ብለው በአንድ ቃል ያሳፍሩታል። ፉከራ ማለት እንግዲህ ምስክር ያለበት ንግግር ነው።

የቢራ ነጋዴ ይኼንኑ ፉከራ ነው ያለምስክር የወሰደብን።

ነገሩ የጦፈው ሄኒከን በ2003 ሐረርንና በደሌን፣ ዲያጆ በ2004 ሜታን ከመንግሥት እጅ ከገዙ ወዲህ ነው። በ2006 ዋልያ ገበያ ወጣ። ደብረ ብርሃን ላይም ሐበሻና ዳሸን ፋብሪካ ተከሉ። ቢራው ሲበዛ አንዱን ከሌላው መለየት ቸገረ (ዓይኑን ተሸፍኖ እለያለሁ የሚል ካለ ይምጣ!)። ስለዚህ ጠጪውን መለየት ተጀመረ። ወንድ ማነው? ጀግና ማነው? ምልክቶቹን እስቲ ተመልከቱ፤ ዘንዶ የሚወጋ ፈረሰኛ፣ ቀንዳም ዋልያ፣ ትልቅ ተራራ። ሽለላው፣ ጎፈሬው፣ የአርበኛው ካባ ሳይቀር ተከራየ። ነፍሳቸውን ይማርና አርበኞቹ ጣሊያንን የገጠሙት በሶ በጥብጠው እንጂ ድራፍት ጨብጠው አልነበረም።

ፉከራው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የባሰው ቀልዱ ነው። በቀልዱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚሳቅበት አንድ ምስኪን አለ። ሚስቱን የሚፈራ፣ ለስላሳ የሚያዝ፣ «መሸብኝ፣ ቤቴ ልግባ» የሚል። አስተዋዋቂው በደረቁ «ይኼን የጠጣ ወንድ ነው» ቢለን ኖሮ እንሟገተው ነበር፤ «ሂድ ወዲያ!» እንለው ነበር። ቀልድን ግን ማን ይሟገታል? የተቃወመ ሰው «ቀልድ አይገባውም» ይባላል። ቤተሰቡ እራት ላይ ሆኖ ይስቃል። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ደግሞ አብሮ ይስቅና ማን እንደተሳቀበት ልብ ይላል። ነገ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ ሚሪንዳ ለማዘዝ አፉ አይታዘዝለትም። ኮሜዲያኑን አንወቅስም፤ እንጀራ ነው። የምንወቅሰው ከኋላ ሆኖ ሒሳቡን የሚያሰላውን ነው።

ይኼ ብልሃት እኛ ዘንድ አልተፈጠረም። ማርልቦሮ የተባለው ሲጋራ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለሴቶች ተብሎ ይሸጥ ነበር። ማጣሪያ ያለውን ሲጋራ ወንድ ያፍርበት ነበርና፣ በ1954 የሊዮ በርኔት የማስታወቂያ ድርጅት ባለባርኔጣ ከብት ነጂ ፈረሰኛ አመጣለት። በባርኔጣና በፈረስ ሲጋራው ወንድ ሆነ! ለዚያ ማስታወቂያ ከቀረቡት ሰዎች አንዱ፣ ዌይን ማክላረን፣ በ1992 በሳንባ ካንሰር ሞተ። የመጨረሻ ጊዜውን ያሳለፈው ሲጋራ አታጭሱ እያለ ነው።

እርግጥ በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አባሯል። ደግ ሥራ ነው፤ እናመሰግናለን። ግን መንግሥት የኤክሳይስ ታክሱን እየሰበሰበ «ጤናችሁን ጠብቁ» ሲል ያስቃል። ጎረምሳውን በቀረርቶ ወደ ጦር ግንባር ሲጠራም ከዚያው የቢራ ነጋዴው ከዘረፈው ጎተራ ነው የሚዝቀው። ወንድነትን በቀረርቶ መሸጥ ለቢራ ነውር ከሆነ ለሌላውስ?

አዋጁ ቢወጣም ትምህርቱ ቀድሞ ገብቷል። ቀልዱም ከቴሌቪዥን ወርዶ ወደ ስልክ ገባ። ዛሬ መሐል ሜዳ ገበያ በጉን ሸጦ የሚመለስ ጎረምሳ ጠላ ቤት መግባት ያሳፍረዋል። ጌሾዋን ወቅጣ፣ ብቅሏን አብቅላ የጠመቀችው የሰፈሩ ሴት ደጃፏ ላይ ትጠብቃለች፤ እሱ ግን ጠርሙስ የተደረደረበት ቤት ይገባል። የእናቱን የጨውና የዘይት ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋ «ለሁሉም ድገም!» ይላል፤ ጓደኞቹም «ወንድ!» ይሉታል። በጉን ከግልገልነቱ ያሳደጉት እናቱ ናቸው። ያው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል አይሸጥ ይላል። ዕድሜህ ስንት ነው ብሎ የጠየቀው አሻሻጭ ግን የለም።