ለነፍሰ ጡር ጠላ አይቀዳ

በየድግሱ ለነፍሰ ጡር «ትንሽ ቅመሺ፣ ጠላ ምን ይላል» እያሉ ብርጭቆ የሚያስጨብጡ ብዙ ናቸው። ፍቅራቸውን አንጠራጠርም፤ ምክራቸው ግን ስህተት ነው። እናት የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ወደ ጽንሱ ደም ይገባል። ያልጠናው የጽንሱ ጉበት ደግሞ ቶሎ ሊያስወግደው አይችልም። ጉዳቱ በአንጎል ላይ ይበረታል፤ ልጁ ትምህርት ይከብደዋል፣ ትኩረቱ ይበተናል፣ ችግሩም ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ሐኪሞች ለዚህ ሕመም ስም ያወጡለት በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፈውስ ግን እስካሁን የለውም። ጠላም ሆነ ጠጅ፣ ቢራም ሆነ አረቄ፣ ጽንስን አይጎዳም የተባለ መጠን የለም። ማርገዟን ሳታውቅ የጠጣች እናት ልትወቀስ አይገባም፤ ዛሬውኑ ብታቆም ለልጇ ይጠቅማል። ባሎች፣ አማቶች፣ ጎረቤቶች፦ ለእርጉዟ አጥሚት አቅርቡላት፤ ጠላውን እባካችሁ ተዉት።