ዕዳ እንጂ ችሮታ አይደለም

ባለፈው ሰሞን በእድራችን ስብሰባ ላይ፣ ለቅሶ በቀረ አባል የሚጣለው መቀጮ ይጨመር አይጨመር ብለን ግማሽ ቀን ተሟገትን። "ግዴታ ግዴታ ነው! ምክንያት የለም!" እያለ አገር ይያዝልኝ ያለው አንድ ጎረቤቴ ነበር። ስንወጣ ይኸው ሰው ጠጋ ብሎ፣ "ሠራተኛዬ የሦስት ወር ደሞዜን ስጠኝ እያለች ናላዬን አዞረችው" አይለኝ መሰላችሁ!

"ታዲያ ለምን አትሰጣትም?" አልኩት።

"የልጄ ሠርግ ደርሶ? ትጠብቃ! ደግሞ እኮ እንደ ልጄ ነው የማያት።"

ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ዝም አልልም።

እስቲ ጎበዝ፣ አንዱን ግዴታ ከሌላው የሚያጠብቀው ምንድን ነው? ወጪው ነው እንዳንል፣ ሠርጉ ከደሞዟ ስንት እጥፍ ያስወጣል። የሰው አፍ ነው እንዳንል፣ ድግሱ ቢያንስ እንግዳው ያማል እንጂ መብቴ ተነካ የሚል የለም።

ጀርመናዊው ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ግዴታን ለሁለት ይከፍላል። አንዱ እንደ ፍላጎታችን የምንተወው አይደለም፤ የገቡትን ቃል መጠበቅ እንዲህ ነው። ሌላው፣ ለምሳሌ የተቸገረን መርዳት፣ መቼና ምን ያህል የሚለውን ለእኛ ይተዋል። ልብ በሉ፤ ጥብቁ ትንሽ፣ ላላ ያለው ትልቅ ሊሆን ይችላል። በእኔ እምነት የሚያጠብቀው፣ ከበስተኋላው "የኔ ነው" የሚል ባለመብት መቆሙ ነው።

"የእድሩም መዋጮ እኮ ዕዳ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይከፈል። ግን እድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው። ልጅቷስ ምን አላት? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እንኳ የእሷን ጉዳይ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው ያሳለፈው። ጥፋታችን እዚህ ላይ ነው፤ የግዴታን ክብደት በጠያቂው ጉልበት እንለካለን።

"እንደ ልጄ ነው የማያት" ማለትም ተንኮል አላት። ልጅ ደሞዝ አትጠይቅም፤ ስለዚህ ዕዳው ችሮታ ይሆናል። ችሮታ ደግሞ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ድግሱስ? እሱማ "ግዴታ" ሆኗል!

ኦሪት ዘሌዋውያን የቅጥረኛ ደሞዝ አሠሪው ዘንድ እስኪነጋ እንዳያድር ያዝዛል። አንድ ሌሊት! የእኛይቱ ዘጠና አሳልፋለች።

ሠርጉ ይቅር አላልኩም። ሰንጋው ከመገዛቱ በፊት ደሞዟ ይከፈል ነው የምለው። አለበለዚያ ያን ቀን ቆመን የምንቆርጠው የሰንጋውን ሥጋ ሳይሆን የእሷን ሦስት ወር ነው።