የጎልፍ መለማመጃ ዕቃ ስንት ያወጣል?

በነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት በተካሄደው የሴፍዌይ ክላሲክ የሴቶች ጎልፍ ውድድር፣ የ50 ዓመቷ ጁሊ ኢንክስተር በአሥረኛው መነሻ ላይ ተራዋን ግማሽ ሰዓት ያህል ስትጠብቅ ቆየች። ሰውነቷን ለማፍታታት ብላ በዱላዋ ላይ የክብደት ቀለበት አጥልቃ ወዘወዘች። ይህን በቴሌቪዥን ያየ ተመልካች ለአዘጋጆቹ ጻፈ፤ ኢንክስተርም ከውድድሩ ተሰረዘች። የጎልፍ ሕግ በጨዋታ መሐል መለማመጃ ዕቃ መጠቀምን ይከለክላልና። ከ2016 ወዲህ ቅጣቱ ለዝቧል፤ የመጀመሪያው ጥፋት ሁለት ምት ያስቆጥራል፣ የሚያሰርዘው ሁለተኛው ነው። ክልከላው ግን ዛሬም እንዳለ ነው።

ገንዘቡን ቆጥሮ ለሚያወጣ ሰው ይህ ሕግ ብዙ ይነግረዋል። ዕቃው የሚሸጠው በእጅ ላይ እያለ በሚያሳየው ውጤት ነው። ገዢው ውጤቱን የሚፈልገው ደግሞ ዕቃው ከቦርሳ መውጣት በማይችልበት ሰዓት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሻጩ የሚያሳየውና ገዢው የሚያስፈልገው ሁለት የተለያዩ ሸቀጦች ናቸው።

ገበያው በዓይነት ሞልቷል። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ስሙ የገነነው ሜዲከስ ባለ ማጠፊያ ዱላ ሲሆን፣ አመታቱ ሲበላሽ መሐሉ ላይ እጥፍ ይላል። ኦሬንጅ ዊፕ ጫፉ ላይ ብርቱካንማ ኳስ ያለበት ተለማጭ ዘንግ ነው፤ የሚያስተምረው እርጋታን ነው። ሱፐርስፒድ ሦስት ዘንጎች አንድ ላይ ይሸጣል። ሁለቱ ከድራይቨር በ20 እና በ10 በመቶ የቀለሉ፣ ሦስተኛው በ5 በመቶ የከበደ ነው፤ ዓላማው ፍጥነት ነው። ፍጥነት መጥፎ ነገር አይደለም፤ ጠማማ ምትም ፍጥነት ሲጨመርለት ርቆ እንደሚጠፋ ግን ማስታወቂያው አይናገርም። እንዲህ ያሉት ዕቃዎች ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ዶላር ገደማ ያወጣሉ።

የሰው አካል እንዴት እንደሚለምድ የሚያጠኑ ምሁራን የሁለቱን ሸቀጦች ልዩነት ከደረሱበት ቆይተዋል። በ1979 ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን የተለያዩ የእጅ እንቅስቃሴዎች አለማመዱ። አንዱን ደጋግመው ጨርሰው ወደ ሌላው ያለፉት በልምምዱ ሰዓት ፈጣኖቹ ነበሩ። ከአሥር ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን የበለጡት እንቅስቃሴዎቹን እያቀላቀሉ የለመዱት ሆኑ። በ1984 ደግሞ ሳልሞኒ፣ ሽሚትና ዋልተር ጥናቶችን መርምረው፣ በያንዳንዱ ሙከራ እርማት የሚሰጠው ተለማማጅ በእርማቱ ላይ ጥገኛ ሊሆን እንደሚችልና እርማቱ ሲቋረጥ እንደሚዳከም አመለከቱ።

የጎልፍ ዱላ ከላይ ወርዶ ኳሷን እስኪመታ የሚፈጅበት ሩብ ሴኮንድ ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማንም አስቦ አመታቱን አያስተካክልም፤ የሚወጣው የለመደው ነው።

ስለዚህ ክንድን አስሮ የሚይዝ ማሰሪያ ወይም ዱላውን በሐዲድ ላይ የሚያስኬድ ቀለበት ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም። አካል የሚማረው በማሰሪያው መደገፍን ነው። የሚሻሉት ስሕተትን ተናግረው ዝም የሚሉት ናቸው፤ ሜዲከስ በዚህ በኩል ከብዙዎቹ ይበልጣል። ግን ይህን ሥራ የሚሠሩት አብዛኞቹ ነገሮች ርካሽ ናቸው። በረዶ በሚበዛባቸው የአሜሪካ ከተሞች የመኪና መግቢያን ለማመልከት የሚተከሉት የፋይበርግላስ ዘንጎች በጥቂት ዶላር ይገኛሉ፤ ሁለቱን መሬት ላይ ማጋደም እግርና ትከሻ ወዴት እንደዞሩ ያሳብቃል። ታይገር ዉድስ ለአጭሯ ምት የሚለማመደው ከዱላው ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ችካሎች ተክሎ ነው። የእግር ዱቄት በዱላው ፊት ላይ ቢነፋ ኳሷ የት እንደተመታች ምልክቷን ትታ ትሄዳለች።

ከዚያ በፊት ግን ስሕተቱ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። እዚህ ላይ ነው ገዢው የሚከስረው፤ ሻጩ ዕቃውን የሚያውቀውን ያህል ገዢው የራሱን አመታት አያውቅም። ኳሷ ወደ ቀኝ የምትጠመዝዝበት ሰው ፍጥነት ይገዛል፤ ቸኩሎ የሚመታው ማሰሪያ ይገዛል። አንድ ሰዓት ከአሠልጣኝ ጋር መዋል ይህን ወጪ ያድናል። በኢቤይ ላይ እንደ አዲስ ሆነው በቅናሽ የሚቀርቡት ዕቃዎችም ሊጤኑ ይገባል፤ የመጀመሪያው ባለቤት ለምን ቶሎ እንደተሰናበታቸው መጠየቅ ነው።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው ፈተናው ቀላል ነው። ዕቃውን ሳይነካ ሃያ ኳስ ይምታና ስንቱ ካሰበበት እንደደረሰ ይጻፍ። ሁለት ሳምንት በዕቃው ይለማመድ። ከዚያ ዕቃውን ቤቱ ትቶ ሦስት ቀን ይረፍና ሌላ ሃያ ይምታ። ሁለተኛው ቁጥር ካልበለጠ ዕቃው ወደ ሻጩ ይመለስ፤ የመመለሻ ጊዜው 30 ቀን ከሆነ ለዚህ ይበቃል። ደረሰኙ እስከዚያ አይጣል።