እያንዳንዱ ላይብረሪ ባለቤት ይኑረው

አንድ ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ ሰርቨሮቹ ደኅንነት ሲጠየቅ ከአይቲ ክፍሉ የሚሰማው መልስ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አፕዴት ተደርጓል። መልሱ ውሸት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። ሶፍትዌሩ የተጫነው ሬድ ሃት ወይም ኡቡንቱ ላይ ይሁን እንጂ የሶፍትዌሩ አብዛኛው አካል ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር አልመጣም። ፕሮግራመሮቹ በጃቫ፣ በፓይተን ወይም በጃቫስክሪፕት ሲሠሩ ከኢንተርኔት እያወረዱ ያስገቧቸው፣ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ላይብረሪዎች አሉበት። የሰርቨሩ አፕዴት እነዚህን አይነካቸውም። ስለዚህ በድርጅት ሰርቨር ላይ ለሚሠራ ለእያንዳንዱ ላይብረሪ፣ ክፍተት ሲገኝበት የሚደፍን አስቀድሞ የታወቀ ኃላፊ ሊኖር ይገባል እላለሁ። ኃላፊው የማይታወቅ ላይብረሪ ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

ኃላፊ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ለማየት የአሜሪካኑን የብድር መረጃ ድርጅት የኢኩፋክስን ታሪክ መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 አፓቺ ስትራትስ በተባለው የጃቫ ማዕቀፍ ላይ ከባድ ክፍተት መገኘቱ ይፋ ሲደረግ ማስተካከያውም አብሮ ወጥቶ ነበር። የኢኩፋክስ የደኅንነት ቡድን ከ400 ለሚበልጡ ሠራተኞች ኢሜይል ልኮ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያስተካክሉ አዘዘ። ነገር ግን የተቀባዮቹ ዝርዝር ያረጀ ስለነበር መልእክቱ ሊደርሳቸው ከሚገባ ሰዎች ሁሉ አልደረሰም። ክፍተቱን ለመፈለግ የተካሄደው ፍተሻም ዋናውን ማውጫ ብቻ አይቶ፣ ስትራትስ የተቀመጠበትን ንዑስ ማውጫ ሳያይ አለፈ። ሰርጎ ገቦቹ በሜይ ወር ገብተው እስከ ጁላይ መጨረሻ ቆዩ፤ ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የግል መረጃም ተወሰደ። ማስተካከያው በእጅ ነበር፤ ትእዛዙም ተላልፏል። የጠፋው “ይህ ላይብረሪ እዚህ ቦታ አለ፤ ተጠያቂውም እኔ ነኝ” የሚል ሰው ነው።

እንደ ሬድ ሃትና ኡቡንቱ ያሉ ለድርጅት የሚቀርቡ የሊኑክስ ሥርዓቶች ይህን ኃላፊነት በከፊል ይሸከማሉ፤ አሠራራቸውም በሚገባ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ፓይተን 3.6ን እንውሰድ። የፓይተን ማኅበረሰብ ለዚህ ስሪት የሚያደርገውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 አቁሟል። ሬድ ሃት ግን ስሪቱን የስምንተኛው ሥርዓቱ መሠረት አድርጎ ስላወጣው እስከ 2029 ክፍተቶቹን ሊደፍን ተስማምቷል። የሚደፍነውም ወደ አዲስ ስሪት በመዝለል ሳይሆን፣ አዲሱ ላይ የተሠራውን ማስተካከያ ወስዶ ወደ አሮጌው በማምጣት ነው። በዚህ መንገድ ቁጥሩ 3.6 እንደሆነ ሲቀር ክፍተቱ ግን ይዘጋል። (የስሪት ቁጥር ብቻ አይተው “አርጅቷል፣ ይቀየር” የሚሉ ኦዲተሮች ይህን ባለማወቃቸው ጥሩ ጥበቃ ያለውን ፓኬጅ አስነቅለው፣ ማንም የማይጠብቀውን ያስተክላሉ።) ይህ ጥበቃ ግን ድንበር አለው። በኡቡንቱ፣ አዘጋጁ ድርጅት ካኖኒካል ለ5 ዓመት ያለ ክፍያ የሚጠብቀው ዋናውን ክፍል ሲሆን፣ ከዚያ እጅግ የሚሰፋው ዩኒቨርስ የሚባለው ክፍል ለኡቡንቱ ፕሮ ካልተመዘገቡ በስተቀር ለበጎ ፈቃደኞች የተተወ ነው። በኡቡንቱ 22.04 ጃቫስክሪፕትን በሰርቨር ላይ የሚያስኬደው ኖድ ጄኤስ ራሱ የሚገኘው በዚሁ በዩኒቨርስ ውስጥ ነው። ሁሉም በአንድ ትእዛዝ ስለሚጫን፣ የጫነው ሰው ድንበሩን መሻገሩን ላያውቅ ይችላል። ፕሮግራመሩ በቀጥታ ከኢንተርኔት አውርዶ የጨመረው ደግሞ ከናካቴው ከዚህ ጥበቃ ውጭ ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ይፋ የሆነው የሎግ ፎር ጄ ክፍተት ይህን ችግር ገልጦ አሳየ። ሎግ ፎር ጄ በሥርዓቱ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ መዝግቦ የሚያስቀምጥ የጃቫ ላይብረሪ ነው። ከሚመዘግበው ጽሑፍ መካከል የተለየ አጻጻፍ ያለው አድራሻ ሲያገኝ ወደዚያው አድራሻ ሄዶ ኮድ ሊያመጣና ሊያስኬድ ይችል ነበር። አጥቂው የተጠቃሚ ስም በሚሞላበት ሳጥን ውስጥ አንድ መስመር ቢጽፍ ይበቃዋል። የክብደት መለኪያው ከ10 ሙሉ 10 ሰጠው። ማስተካከያው በዚያው ወር ቢወጣም የመጀመሪያው ስላልበቃ ሌሎች ተከታትለው ወጡ። ትልቁ ጣጣ ግን ላይብረሪው የት የት እንዳለ ማወቁ ነበር። የጃቫ ሶፍትዌር የሚመጣው ጃር በሚባል የታመቀ ፋይል ሲሆን፣ በጃሩ ውስጥ ሌላ ጃር፣ በእርሱም ውስጥ ሌላ ሊኖር ይችላል። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የፓኬጅ መዝገብ የውስጦቹን አያውቃቸውም። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት ገምጋሚ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ብቻ 33,000 የሥራ ሰዓት እንዳጠፋበትና ክፍተቱ ለአሥር ዓመትና ከዚያም በላይ በየሥርዓቱ ሊቆይ እንደሚችል ገልጿል።

በዚህ ላይ የሚነሱት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው “የሚሠራን ነገር አትንካ” የሚለው ነው። ላይብረሪ ሲቀየር ሥራ ይቆማል፤ የባንክ ሥርዓት ደግሞ ለአንድ ሰዓት እንኳ መቆም የለበትም። ስጋቱ እውነት ነው፤ ማስተካከያን ወደ አሮጌ ስሪት የማምጣት አሠራርም የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ስጋቱ ላይብረሪዎችን በተቻለ መጠን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከሚጠብቃቸው መካከል እንድንመርጥ ያስገድደናል እንጂ ማስተካከያውን እንድንተወው አያደርገንም። “የእኛ ሰርቨር ለኢንተርኔት አልተጋለጠም” የሚለው ሁለተኛው መከራከሪያ በሎግ ፎር ጄ ፈርሷል፤ ከፊት ባለው ድረ ገጽ ላይ የተጻፈች መስመር እየተላለፈች ሄዳ ከኋላ፣ በር ተዘግቶበታል በተባለው ሰርቨር ላይ ስትመዘገብ ጉዳቱን ታደርሳለች።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ራሱ ማስተካከያው መርዝ ይዞ ቢመጣስ? እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስ ዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ መሣሪያ የደረሰው ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ እየሠራ አመኔታ ያተረፈ አንድ ሰው በሁለት አዳዲስ ስሪቶች ውስጥ የጓሮ በር ደበቀ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በርቀት ወደ ኮምፒውተር መግባቱ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ ባይመረምር ኖሮ ብዙ ሰርቨር በተደፈረ ነበር። ነገር ግን የተበከለው ስሪት ለድርጅት በተለቀቀው ሬድ ሃትም ሆነ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ባላቸው የኡቡንቱ ስሪቶች ውስጥ አልገባም፤ የገባው አዲስ ነገር ቀድመው በሚሞክሩት ሥርዓቶች ውስጥ ነው። እኔም የምከራከረው በየዕለቱ አዲሱን እናውርድ ብዬ አይደለም። የተጠበቀው ስሪት አሮጌ ቁጥር ሊይዝ፣ አዲሱም ጠባቂ ላይኖረው ይችላል።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባበት ሞሲፕም ሆነ ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በአመዛኙ በጃቫ የተጻፉ ናቸው። ሁለቱም ኮዳቸው ክፍት በመሆኑ የሚጠቀሙባቸውን ላይብረሪዎች ማንም ሊያይ ይችላል፤ ይህም ትልቅ ጥቅም ነው። ይበልጥ የሚያሰጋኝ በጨረታ የሚሠራው፣ ኮዱ ተዘግቶ የሚረከቡት ሶፍትዌር ነው። ውሉ ሲያልቅ ሠሪው ይሄዳል፤ ላይብረሪዎቹ ግን ሰርቨሩ ላይ ይቀራሉ። ላይብረሪዎችን መከታተል ወጪው ይበዛል ለሚሉ፣ የላይብረሪ ዝርዝር የሚያወጡ ነፃ መሣሪያዎች መኖራቸውን ላስታውስ፤ ኢኩፋክስም ጉዳዩን ለመቋጨት እ.ኤ.አ. በ2019 እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። ስለዚህ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሲገዛ፣ የጨረታው ሰነድ ከርክክቡ ጋር የሁሉም ላይብረሪዎች ዝርዝር፣ በጃር ውስጥ የታጨቁት ሳይቀሩ፣ እንዲቀርብ ያስገድድ። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ማስተካከያውን የሚያወጣው ማን እንደሆነ፣ ድጋፉ የሚያበቃበት ዓመት፣ ከባድ ክፍተት ሲገኝ ሰርቨሩ ላይ የሚጭነው ሰው ስምና የተሰጠው የቀን ገደብ። ከሦስቱ አንዱ ባዶ ከሆነ ርክክቡ አይፈረም።