ልጁን ማን አሳበደው?

«ካርቱን ነው፤ የልጆች ነገር!» የሚሉ ሰዎች አሉ። ብዙውን ጊዜ የተማሩና ያነበቡ ናቸው። ስለ ፊልም ጨዋታ ሲነሳ የሩሲያውንና የጣሊያኑን ዳይሬክተር ስም እንደ ዳዊት ይደግሙታል። የጃፓን የድብድብ ካርቱን ሳሎን ውስጥ ተከፍቶ ሲያዩ ግን ቆም ብለው ገርመም ያደርጉና፣ «ኧረ ይሄን ጩኸት ቀንሱልን!» ብለው ያልፋሉ። ዛሬ ጠቤ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው። ያጣላን ፊልም ደግሞ «ድራጎን ቦል ሱፐር፦ ብሮሊ» ይባላል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ጃፓን ውስጥ ለዕይታ በቃ። ቶኤ አኒሜሽን ሠራው፤ ታትሱያ ናጋሚኔ ዳይሬክት አደረገው። ድርሰቱ የአኪራ ቶሪያማ ነው። ቶሪያማ እ.ኤ.አ. በ1984 የድራጎን ቦልን ታሪክ በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በሥዕል መተረክ የጀመረው፣ በማርች 2024 ደግሞ በ68 ዓመቱ ያረፈው ሰው ነው። ፊልሙ ዓለምን ዞሮ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል።

አዎ፣ ጩኸት አለው። አልክድም። ከመቶ ደቂቃው ግማሽ ያህሉ ቡጢ ነው። ተራራ ይናዳል፣ በረዶ ቀልጦ እሳት ይሆናል፣ ሰው በሰው ግንባር መሬት ያርሳል። (የዋናውን ጀግና የጎኩን ድምፅ የምትሠራው ማሳኮ ኖዛዋ ያን ጊዜ 82 ዓመቷ ነበር። እስቲ የእኛ የ82 ዓመት እናት ጎረቤት እስኪደነግጥ ድረስ ስትጮህ አስቧት!) ሆኖም «ድብድብ ብቻ ነው» የሚለው ሰው ቡጢው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ፊልም አላየም። ፊልሙ የሚናገረው እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይያን የሚባሉ ተዋጊ ሕዝቦች ንጉሥ፣ አንድ ሕፃን ከራሱ ልጅ ከልዑል ቬጂታ የበለጠ ኃይል ይዞ እንደተወለደ ያያል። ይቀናል። «ይህ ልጅ አደጋ ነው» የሚል ሰበብ ይፈልግና ቫምፓ ወደምትባል ጠፍ ፕላኔት ያስጥለዋል። ሕፃኑ ብሮሊ ነው። አባቱ ፓራጋስ መርከብ ሰርቆ ልጁን ሊያድን ይከተለዋል። እስከዚህ ድረስ አባት ነው። እኔም እዚህ ላይ ወደድኩት። ምን ዋጋ አለው፣ መርከቡ ተሰበረ፣ ቫምፓ ላይ ቀሩ፣ ምግቡም እንደማይበቃ ታወቀ። ያን ጊዜ ፓራጋስ አብሮት የመጣውን ሰው ተኩሶ ገደለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ ልጅ መሆኑ ቀረና መሣሪያ ሆነ።

ፓራጋስ የብሮሊን አንገት ኤሌክትሪክ በሚነዝር ቀለበት አሰረው። ሪሞቱን እሱ ያዘ። ልጁ ከቁጥጥር የወጣ ሲመስለው ይጫናል። ልጁ መሬት ላይ ይንፈራገጣል። ይህ በፊልሙ ውስጥ «ማሳደግ» ይባላል።

ከሁሉ ይልቅ ያመመኝ ግን የጆሮው ታሪክ ነው። ብሮሊ ወገቡ ላይ አረንጓዴ ቆዳ አስሮ ይታያል። አጥብቆ ስለያዘው አንዷ ሴት ምንነቱን ትጠይቀዋለች። እሱም በተሰባበረ ቋንቋ ይነግራታል። ቫምፓ ላይ አንድ ግዙፍ አውሬ ነበር። ብሮሊ ልጅ ሳለ ከዚህ አውሬ ጥቃት እያመለጠ ሩጫና ዝላይ ይለማመድ ነበር። እያደር አውሬውም ልጁም ተላመዱ፣ ጓደኛሞች ሆኑ። ከጩኸቱ ወስዶም «ባ» ብሎ ስም አወጣለት። ፓራጋስ ይህን ሲያይ የአውሬውን ጆሮ በጥይት ቆርጦ ጣለው፤ ወዳጅነት ለልምምዱ አይበጅማ! ከዚያ በኋላ ባ ሰው የሚባል ሲያይ የሚያጠቃ ሆነ። ልጁ ግን የወዳጁን ጆሮ አንስቶ ወገቡ ላይ አሰረው፤ ጎልምሶም አልፈታውም። እንግዲህ ይህን ታሪክ ነው «ጩኸቱን ቀንሱ» የምንለው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ እኛ ስም አለን፤ ደም መላሽ እንለዋለን። ሲወለድ ጠላት ተመርጦለት ይጠብቀዋል። ዕንባም ቂምም በጡት ይጠባል። የፓራጋስ የሚብሰው፣ የሚመልሰው ደም ባለዕዳ እንኳን የለውም። ንጉሡ ሞቷል፤ ፍሪዛ የሚባለው ግፈኛ ፕላኔቷን ከነሕዝቧ ደምስሷታል። የቀረው ልዑል ቬጂታ ነው፤ ብሮሊ ሲጣል እሱም ልጅ ነበር። ፓራጋስ ግን አርባ ዓመት የተመገበውን ቂም የት ይጣለው? ከጠፍዋ ፕላኔት የሚያወጣው ሲያገኝ፣ ያወጣው ራሱ ፍሪዛ መሆኑ እንኳን ግድ አልሰጠውም። ልጁን ወደ ምድር አምጥቶ «በለው!» አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጠቤ ልምጣ። ልጅ ሲያስቸግር፣ ሲማታ፣ ሲሰርቅ፣ አባትም አስተማሪም ጎረቤትም በአንድ ድምፅ «ሲፈጠርም እንዲህ ነው» ይላሉ። «የእባብ ልጅ እባብ» ይላሉ። እንዴት ያለች ምቹ ቃል ናት! ሪሞቱ በማን እጅ እንደነበረ ማንም አይጠይቅም።

የድራጎን ቦል ሠሪዎችም ይህቺን ቃል አንድ ጊዜ ተናግረዋታል። ብሮሊ በፊልም መጀመሪያ የታየው በዚህኛው ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሌላ ፊልም ነው። በዚያ ላይ ብሮሊ እየሳቀ የሚገድል ጭራቅ ነው። ንጉሡ በሕፃንነቱ ሊያስገድለው መሞከሩ በዚያም አለ፤ ጎኩን የሚጠላበት ምክንያት ግን ሕፃን ሳሉ ጎኩ ከጎኑ ተኝቶ እያለቀሰ ስለረበሸው ነው። ልብ በሉ፣ የአልጋ ጎረቤት ለቅሶ! ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ቶሪያማ ያንኑ ስም፣ ያንኑ ጉልበት፣ ያንኑ አባት ወሰደና ክፋቱን ከልጁ ላይ አንስቶ በሠሩት ሰዎች ላይ አኖረው። አዲሱ ብሮሊ ዓይን አፋር ነው። ውሃና ምግብ ለሰጡት ሰዎች እንዴት ማመስገን እንዳለበት ግራ ይገባዋል። እንዲህ ያለ እርማት በ«ቁምነገረኛ» ፊልሞች ውስጥ ስንት ጊዜ አይታችኋል?

ታሪኩን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስቆመኝ ይችላል። «ጎኩስ? እሱም ሕፃን ሳለ ኃይለኛና እልኸኛ ነበር። ደግ የሆነው ወድቆ ጭንቅላቱን ስለተመታ ነው» ይለኛል። እውነት ነው፣ በሥዕሉ መጽሐፍ ውስጥ እንደዚያ ተጽፏል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደካማ ፈጠራ ነው፤ አንድ ድንጋይ የአንድን አሳዳጊ ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ደግሞም ልጁ ከወደቀበት ያነሳው፣ ያበላውና ያሳደገው አያት የሚለው ጎሃን ነበር። በዚህኛው ፊልም ደግሞ የጎኩ ወላጆች ባርዶክና ጊኔ ጥፋቱን ቀድመው ጠርጥረው፣ ልጁን በአንዲት ትንሽ መንኮራኩር ወደ ምድር ሲያሸሹት እናያለን። ሁለቱም ልጆች ከአንድ ሕዝብ፣ በአንድ ዘመን ከቤት ወጡ። አንዱ አያት አገኘ፤ አንዱ ሪሞት።

ብሮሊን ያዳነው ቡጢ አይደለም። ጎኩና ቬጂታ ተዋህደው አንድ ሰው እስኪሆኑ ድረስ ቢደበድቡትም አላረጋጉትም። ያዳነችው የፍሪዛ ተራ ወታደር የሆነችው ቺላይ ናት፤ የጆሮውን ታሪክ የጠየቀችው ያችው ሴት። አስቀድማ ሪሞቱን ከፓራጋስ ሰርቃበታለች። መጨረሻ ላይ፣ ልጁ ሊሞት አንድ ምት ሲቀረው፣ ምኞት የሚፈጽመውን ዘንዶ ብሮሊን ወደ ቫምፓ እንዲመልስላት ለመነችው። ያ ሁሉ ሰው ዘንዶውን ሲያሳድድ የነበረው ለምን መሰላችሁ? ቡልማ አምስት ዓመት ወጣት ለመምሰል፣ ፍሪዛ አምስት ሴንቲሜትር ለመርዘም! ለሌላ ሰው የለመነች አንዲት ሌባ ብቻ ናት።

አንድ ቅሬታ ግን ከፊልሙ ጋርም አለኝ፤ አልደብቀውም። ፍሪዛ በድብድቡ መሃል ፓራጋስን በገዛ እጁ ይገድለዋል። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ አባትህ በተባራሪ ተመታ ይለዋል፤ ኀዘን እንደሚያሳብደው አስልቶ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ኤሌክትሪክ የነዘረውን አባት አስከሬን አይቶ ብሮሊ በእውነት አበደ። አባቱን ይወደው ነበርና። ደራሲው ይህን ካወቀ ፍሪዛን ምን አደረገው? ምንም። ጎኩ በመጨረሻ ቫምፓ ድረስ ሄዶ ለብሮሊ ቤትና ምግብ ይሰጠዋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ፕላኔት የደመሰሰው፣ አባት ገድሎ ልጅ ያሳበደው ፍሪዛ በመርከቡ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ ሳይጠየቅ። ለሚቀጥለው ፊልም ያስፈልጋላ! ፓራጋስን ያን ያህል በጥንቃቄ ፍርድ ፊት ያቆመ ፊልም፣ ትልቁን ወንጀለኛ ሲያገኝ በሩን ከፍቶ ሸኘው።